ስሙ ተጠርቶ ያልመለሰ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በአሥራ አራት ቁጥር ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ወንበር፣ ሃያ ስምንት ጠረጴዛና ሃያ ስምንት ልጅ ነበር። ወንበሮቹ በሰባት ረድፍ አራት አራት ሆነው ተደርድረዋል። በመስኮቱ በኩል ያለው ማሞቂያ ይንጫጫል እንጂ አያሞቅም። ከሰሌዳው በስተቀኝ የትምህርት ቤቱ ደንብ በመስታወት ተሸፍኖ ተሰቅሏል፤ አራተኛው ተራ «ስሙ ተጠርቶ በድምፁ ያልመለሰ ቀሪ ነው» ይላል። ተለማማጇ መምህርት ስም ጠርታ እንደጨረሰች ሰዓቷን አየች፤ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ስምንት ሰከንድ ወስዶባታል። ለአንድ ልጅ ስድስት ሰከንድ መሆኑ ነው። የለካችው ያለ ነገር አይደለም፤ የልምምድ መዝገቧ ላይ የጥሪው ርዝመት የሚሞላበት ሳጥን አለ። ያን ዕለት የቀረ ልጅ አልነበረም።

ሰው አገር ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። የመምህርነት ኮርሱን ጨርሳ የቀራት ይህ ልምምድ ብቻ ነበር፤ ስድስት ሳምንት፣ ማለትም ሠላሳ የትምህርት ቀን፣ አንድ ክፍል በኃላፊነት መምራት። የክፍሉ ዋና መምህርት ለመውለድ ስለወጣች ቦታው ክፍት ነው፤ ተለማማጇ ካለፈች ዓመቱን እዚያው ትጨርሳለች ተብሏል። ካላለፈች ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዷ ከኮርሱ ጋር አብሮ ስለሚያበቃ ሻንጣዋን ሸክፋ መመለስ ነው። ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ልጆቹም ይህን ያውቁ ነበር። በሁለተኛው ቀን ቅጽል ስም አወጡላት፤ «ስድስት ሳምንት»። ኮሪደሩ ላይ ብቅ ስትል «ስድስት ሳምንት መጣች» ይባባላሉ። ሁለተኛው ሳምንት ሲገባ ሒሳብ የሚችሉት «አምስት ሳምንት» ይሏት ጀመር።

የሚያስቸግራት አምስት ደቂቃ ነበረች። ጥሪው እንዳለቀ የቀሪዎችን ወረቀት የክፍሉ ኃላፊ ራሷ በእጇ ጽሕፈት ቤት ማድረስ አለባት፤ ደርሶ መልሱ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በዚያች አምስት ደቂቃ ክፍሉ ገበያ ይሆናል። ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ያለው አሥራ ሦስት ቁጥር ልምምዷን የሚመዝኑት ተቆጣጣሪ ክፍል ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ፀጉራቸውን በሁለት የፀጉር ሹካ ወደኋላ ያስያዙ፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሴትዮ።

የመጀመሪያው ሳምንት ዓርብ የምዘናውን ቅጽ አሳዩዋት። አምስት ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱ ከአምስት ይታረማል። አራተኛው «መምህሯ በሌለችበት ጊዜ የክፍሉ ሥርዓት» ይላል፤ አጠገቡ አንድ ተጽፏል።

«አንድ የሰጠሁሽ ዜሮ ስለሌለ ነው» አሏት። «በስድስተኛው ሳምንት እዚህ ላይ ከአራት በታች ካገኘሽ አልፈርምም።»

«ገባኝ።»

«ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ልጅ ያገርሽ ልጅ ናት አሉ።»

«አዎ። እናቷ ከአክስቴ ጋር ነው የምትሠራው።»

«ልጆቹ ያንን እያዩ ነው» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም እያየሁ ነው።»

ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት የምትጠራበት ስም ሌላ ቢሆንም ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የሚሏት። የመጀመሪያው ቀን ባጠገቧ ስታልፍ «እንኳን መጣሽልኝ ቲቸር» ብላ በገዛ ቋንቋቸው ሹክ ብላት ነበር። ተለማማጇም ፈገግ ብላለች። ያቺን ፈገግታ ከፊተኛው ረድፍ አንዲት ጥርሷን በሽቦ ያሳሰረች ልጅ አይታታለች።

ቅዳሜ ከሰዓት አክስቷ ቤት አንሶላ ሲያጥፉ ተለማማጇ የምዘናውን ነገር ነገረቻት። አክስቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ የቤቷን አንሶላ እንኳ በሆስፒታሉ አስተጣጠፍ በሦስት ካልሆነ አታጥፍም።

«እኛ ስንማር አለቃችን የረባሽ ስም ትጽፍ ነበር እኮ» አለች አክስቷ የአንሶላውን ጫፍ እየሳበች። «ቲቸር ሲወጣ ትንፍሽ የሚል የለም።»

«እዚህ አገር ዱላ የለም አክስቴ።»

«ዱላ ምን ያደርጋል? ስም ራሱ ዱላ ነው።»

ተለማማጇ ይህን ከአክስቷ በላይ ታውቀዋለች። አምስተኛ ክፍል እያለች አለቃ እሷ ነበረች። አንድ ቀን ማንም ሳይረብሽ ቀርቶ ባዶ ወረቀት ብትሰጥ መምህሩ «ሃምሳ ሰባታችሁም መልአክ ሆናችሁ?» ብሎ እሷኑ አንበረከካት። ከዚያ ወዲህ ባዶ ወረቀት ሰጥታ አታውቅም። የማን ስም እየጻፈች ዓመቱን እንደጨረሰች ግን ረስታዋለች።

ሰኞ ባለሽቦዋን አለቃ አደረገቻት። ስሙ የተጻፈ በዕረፍት ሰዓት ሃያ ስምንቱንም ጠረጴዛ በረኪና ባለበት ውሃ ይወለውላል ብላ አወጀች። ሰኞ ስድስት ስም ተጻፈ፣ ማክሰኞ አራት፣ ረቡዕ ሁለት። ሐሙስ ከጽሕፈት ቤት ስትመለስ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ጠበቃት፤ ወረቀቱ ባዶ ነው።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንደሚባለው፣ የሌለ ረባሽ መፈለግ አማራት። ደስ ሊላት ሲገባ የተታለለች መሰላት፤ አፏም ሳታዘው የልጅነት መምህሯን ቃል አወጣ።

«ሃያ ስምንታችሁም መልአክ ሆናችሁ?»

«ማንም አልረበሸም ቲቸር» አለች ባለሽቦዋ።

«ክፍል ሙሉ ሰው ተቀምጦ አንድ እንኳ አይጠፋም። ሥራሽን አልሠራሽም ማለት ነው። ዛሬ አንቺ ትወለውያለሽ።»

ባለሽቦዋ በዕረፍት ሰዓት ወለወለች። ሌሎቹ ወደ ግቢ ወርደው እንደመጫወት በሩ ላይ ተኮልኩለው ሲንሾካሾኩ ተለማማጇ አየቻቸው፤ ያዘኑላት መስሏት አለፈቻቸው።

ዓርብ ከጽሕፈት ቤት ስትመለስ ወረቀቱ ላይ አንድ ስም ነበር። የሚጣ። ቀና ስትል ሃያ ሰባት ልጅ ትኩር ብሎ ያያል። ግን ሚጣን አልነበረም የሚያዩት፤ እሷን ነበር።

ከግድግዳው ወዲያ አንድ ወንበር ተንቋቋ።

«ተነሺ» አለች ተለማማጇ። «በዕረፍት፣ ጠረጴዛውን።»

ከኋላ አንዱ በቀስታ አፏጨ። ክፍሉ ያን ቀን ሊያውቅ የፈለገውን አወቀ፤ እሷም የፈለገችውን አገኘች። ተቆጣጣሪዋ በአራተኛው ጥያቄ ሦስት ሰጧት።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ላይ አንድ ስም እንጂ ሁለት ታይቶ አያውቅም፤ ባዶም አይመጣም። ቀረጡ ይከፈላል፣ ሌላው በሰላም ያድራል። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ሚጣ ሃያኛው ጠረጴዛ ላይ ስትደርስ ጨርቁን እንደያዘች ቆመች።

«ቲቸር፣ እኔ አላወራሁም እኮ።»

«እዚህ በኛ ቋንቋ አታናግሪኝ።»

ሚጣ ትንሽ አሰበችና ያንኑ በአገሩ ቋንቋ፣ ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ደገመችው።

«ወረቀቱ ላይ አለሽ» አለቻት ተለማማጇ። «ስምንት ይቀርሻል።»

ነገሩ ግን ስላልተዋጠላት በማግስቱ የቀሪዎችን ወረቀት ይዛ ከወጣች በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤት አልሄደችም። በበሩ ላይ የደብተር ስፋት ያላት መስታወት አለች፤ በጠርዟ በኩል አጮልቃ አየች። አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ቆማለች። ሚጣ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ የፊት ለፊቷን ልጅ ጀርባ ታያለች። ባለሽቦዋ እርሳሷን አነሳች፤ ወደ ሚጣ ዞር እንኳ ሳትል ጻፈች። ጽፋም አዛጋች።

ተለማማጇ ወረቀቷን አድርሳ ተመለሰች። የተጻፈውን ስም አነበበች።

«ተነሺ» አለች።

ዓርብ አራት አገኘች።

የአንድ ልጅ ስም አሥር ጊዜ ሲጻፍ ለወላጅ ደብዳቤ ይላካል ብላ ከቅጣቱ ጋር አውጃ ነበር። አሥረኛው በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ሞላ፤ ደብዳቤውን የፈረመችው ተለማማጇ ናት። እሑድ የሚጣ እናት ልጇን አስከትላ አክስትየው ቤት መጣች። ደብዳቤውን አራት እጥፍ አድርጋ ጡቷ ሥር ይዛዋለች። ሚጣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ካለው የተለማማጇ ታጣፊ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጣቷን እዩልኝ እስቲ» አለች እናትየው። «ስምንት ሰዓት ሙሉ የማጥበው እኔ፣ የሚላጠው የሷ።»

«በረኪና ነው» አለች አክስትየው የሚጣን እጅ ገልብጣ እያየች። «እኛ ያለ ጓንት የማንነካውን።»

«ቅጣት ነው አለችኝ። ወረቀቱም እንደዚያ ይላል። እኔ ግን በወረቀት አላምንም፤ አንቺ እያለሽ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?» ወደ ተለማማጇ ዞረች። «አንቺ እዛ ስለገባሽ ነው ልቤ ያረፈው። እህቷ ማለት ነሽ። ካንቺ አፍ ልስማው፤ ልጄ ትረብሻለች?»

«ጥሩ ብለሻል» አለች አክስትየው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ይኸው ሰውየዋ፣ ጠይቂያት።»

ሚጣ አንገቷን ቀና አደረገች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ተለማማጇ ያቺን ቃል አፏ ውስጥ አገኘቻት፤ ግን ቃሏ ከወጣች እናትየው ሰኞ በጠዋት ጽሕፈት ቤት እንደምትቆም፣ ተቆጣጣሪዋም ዓይናቸውን ጨፍነው እንደሚሰሙ አሰበች። አሥር ቀን ብቻ ነው የቀራት።

«ትንሽ... ታወራለች፣ እትዬ።»

እናትየው ራሷን ነቀነቀች፤ ተቀበለችው ማለት ነው። ሚጣ ዓይኗን ወደ ጣቶቿ መለሰች።

«ተነሺ» አለቻት እናቷ። «ከነገ ጀምሮ እዛ ትምህርት ቤት አንዲት ቃል ካፍሽ ብትወጣ እኔና አንቺ አንተዋወቅም። እናቴ ትሙት በይ።»

«ኧረ ተይ፣ ልጅ ላይ እንዲህ ያለ መሐላ...» አለች አክስትየው።

«በይ!»

«እናቴ ትሙት» አለች ሚጣ።

ሰኞ፣ ሃያ አንደኛው ቀን። ተለማማጇ ስም ትጠራለች፣ «አለሁ» ይላሉ። ሚጣ ላይ ስትደርስ መልስ የለም። ቀና አለች። ሚጣ ከወንበሯ ተነስታ ቀኝ እጇን እስከ ላይ ዘርግታለች፤ አፏ ግን እንደተገጠመ ነው። ተለማማጇ ስሟን ደገመችው። ሚጣ ግራ እጇንም አነሳች።

«ቲቸር» አለች ባለሽቦዋ በጣቷ ወደ ግድግዳው እያመለከተች፣ «አራት ቁጥር። በድምፁ ያልመለሰ ቀሪ ነው።»

 ያ የዓርቡ አስተያየት ተመለሰ፤ ሃያ ሰባት ጥንድ ዓይን፣ ያገሯን ልጅ ታስበልጥ እንደሆነ የሚጠብቅ። ተለማማጇ እስክሪብቶዋን ወደ መዝገቡ አወረደች። ሁለት እጇን ሰቅላ ከቆመችው ልጅ ስም ፊት «ቀሪ» ብላ ጻፈች።

ከጽሕፈት ቤት ስትመለስ የረባሽ ወረቀቱ ላይ የዕለቱ ስም ተጽፏል። የሚጣ ነበር።

ማክሰኞ በዕረፍት ሰዓት ተለማማጇ በሩን ዘጋችና ሚጣ አጠገብ ሄደች። ራሷ የከለከለችውን ቋንቋ ራሷ ጀመረችው።

«ሚጣ፣ አለሁ ማለት እኮ ማውራት አይደለም።»

ሚጣ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጨመቀች።

«እናትሽ አትሞትም። ማንም አይሞትም።»

ሚጣ አየቻት። ትልቅ ሰው ሲዋሽ ያየ ልጅ የሚያየው አስተያየት ነበር፤ ቁጣ የለበትም፣ መገረምም የለበትም። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈች።

መሐላውን ሊፈታ የሚችለው ያስማለው ሰው ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ለእናትየው የእሑዱን ቃል ማጠፍ ያስፈልጋል። ተለማማጇ በየቀኑ ዛሬ እደውላለሁ ትላለች፤ በየቀኑ ደግሞ ምዘናው ይለፍ ትላለች። ሚጣ በየጠዋቱ እጇን ታነሳለች። በስድስተኛው ሳምንት አንድ እጅ ብቻ ሆነ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት አላነሳችም።

ሠላሳኛው ቀን፣ ዓርብ። ተቆጣጣሪዋ ጥሪውን ከኋላ ቆመው ተከታተሉ፤ ከዚያ ከተለማማጇ ጋር ወጥተው ከበሩ ጀርባ አምስት ደቂቃ ቆሙ። ማሞቂያው ሲንጫጫ ከመሰማቱ በቀር ከውስጥ ትንፋሽ የለም። «ጥሩ ነው» አሉና ወደ አሥራ ሦስት ቁጥር አስገቧት። ጠረጴዛቸው ላይ የጥሪ መዝገቡን በግራ፣ የረባሽ ወረቀቶቹን በቀኝ አስቀመጡ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጡ።

«እዚህኛው ላይ አሥር ቀን ሙሉ የለችም» አሉ ግራውን በእርሳስ እየነኩ። «እዚህኛው ላይ ያንኑ አሥር ቀን ስትረብሽ ሰንብታለች። የሌለ ሰው አይረብሽም። አንዱን አስተካክይ፤ ከዚያ እፈርማለሁ።»

«ልጅቷ ክፍል ውስጥ ነበረች» አለች ተለማማጇ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጎልቶ ወጣ።

«አውቃለሁ። በየዕረፍቱ ባልዲ ይዛ በደጃፌ ታልፋለች።»

«እና...»

«እናማ መዝገቡን ካስተካከልሽ አሥር ቀን ሐሰት ጽፈሻል ማለት ነው፤ ሐሰት ለጻፈ ደግሞ አልፈርምም። ይሄ ግን» አሉ በቀኝ ያሉትን ወረቀቶች በሁለት ጣት ገፋ አድርገው፣ «የመሥሪያ ቤት ወረቀት አይደለም። ከየት እንዳመጣሽውም አላውቅም።»

«አሥር ቀን በተከታታይ የቀረ ከመዝገብ ይሰረዛል እኮ።»

«ሰባት ቁጥር» አሉ ተቆጣጣሪዋ። «ደንቡን ማንበብሽ ጥሩ ነው።» እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ስሚ፣ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አንድ አለ። ሁለት ሲሆኑ ነው የሚያሳስበው።»

 ተለማማጇ እጇን ዘረጋችና ከፊቷ ካሉት ሁለት ክምሮች ቀኙን አነሳች። ሃያ አራት ወረቀት ነበር። አንድ ላይ አልቀደድ ስላላት ስድስት ስድስት እያደረገች በአራት ዙር ቀደደችው። ተቆጣጣሪዋ የቆሻሻ ቅርጫቱን በእግራቸው ወደ እሷ አስጠጉላት። ከሃያ አምስት ሃያ ሦስት አገኘች፤ በአራተኛው ጥያቄ አምስት።

ቅዳሜ የሚጣ እናት በር ላይ ቆመች። ግቢ ብትባል አልገባም አለች። አሁን የያዘችው ሁለት ደብዳቤ ነው፤ አዲሱ ሚጣ ከመዝገብ መሰረዟን፣ ከከተማው ማዶ ወዳለ ሌላ ትምህርት ቤት መመደቧንና መንገዱ ሁለት አውቶቡስ መሆኑን ይገልጻል።

«በጠዋት እኔው ነኝ ከቤት የማወጣት» አለች። «አሥር ቀን የት ስትውል እንደከረመች አትናገርም። ለመንኳት፣ ዝም። ገረፍኳት፣ ዝም። ቤት ውስጥም ዘጋችኝ።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አንቺማ የምትችይውን ለፍተሻል። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምንም አይደል፣ እትዬ» አለች ተለማማጇ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ አክስቷ ያጠፈችውን አንሶላ ዘርግታ እንደገና ታጥፈው ጀመር።

«ልጅቷ ትቀር ነበር?»

«መዝገቡ ላይ ቀሪ ናት።»

«መዝገቡን አልጠየቅኩሽም።»

 አክስቷ አንሶላውን በሦስት አጥፋ ስትጨርስ ታጣፊው አልጋ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያን ቀን በኋላ በዚያ ቤት ስለ ትምህርት ቤት የጠየቃት የለም።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በአሥራ አራት ቁጥር ክፍል ውስጥ ሃያ ሰባት ወንበር ነበር። አንደኛውን የጽዳት ሠራተኛው ወደ ዕቃ ቤት ወስዶታል፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሦስት ብቻ ቀርቷል። ባለሽቦዋ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ያሉት ልጆች አንገታቸውን ሳያዞሩ በዓይናቸው ጠርዝ እርስ በርስ ይተያያሉ። መምህርቷ ስም ጠራች። ሁሉም በድምፁ መለሰ። ሰዓቷን አየችና በመዝገቡ ሳጥን ውስጥ ሞላች፦ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሁለት ሰከንድ።